የጋራው ኮድና የየቋንቋው ገጽ፦ ለብዙ መሣሪያዎች የሚዘጋጁ መተግበሪያዎች ከወላይትኛ አንጻር ሲታዩ

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጉዳይ በመጀመሪያ ሲታይ የመሐንዲሶች እንጂ የቋንቋ ባለሙያዎች አይመስልም። ይኸውም አንድን መተግበሪያ ለእጅ ስልክ፣ ለታብሌትና ለኮምፒውተር በየፊናው ከመጻፍ ይልቅ አንድ ጊዜ ጽፎ በሁሉም ላይ የማሠራት ዘዴ ነው። ይሁን እንጂ ዘዴው ገና ከመነሻው አንድ ጥያቄ ያስነሣል፤ ከሥራው ውስጥ ለሁሉም የጋራ የሚሆነው የትኛው ነው? ለየመሣሪያውና ለየቋንቋው የሚተወውስ የትኛው ነው? ይህ ጥያቄ ተርጓሚንና የመዝገበ ቃላት አዘጋጅን በቀጥታ ይመለከታል። ወሰኑ ያለቦታው ከተሰመረ ጉዳቱን የሚቀበለው ስሙን በትክክል ማስገባት ያልቻለው፣ ወይም በገዛ ቋንቋው የተጻፈለት ቃል እንግዳ የሆነበት ሰው ነውና።

ለማስረጃነት የመረጥነው ወላይትኛን ነው። ወላይትኛ ከኦሞአዊ ቋንቋዎች በኦሜቶ ስር የሚመደብ ሲሆን፣ በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ የወላይታ ዞን ነዋሪ 1,501,112 ነበር። ዋና ከተማው ወላይታ ሶዶ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ርእሰ ከተማ ሆናለች። ቋንቋው በሁለት ፊደላት ተጽፏል፤ የጋራ ጽሕፈት ጉዳይም በአካባቢው አንድ ጊዜ ከባድ ዋጋ አስከፍሏል። ስለዚህ ስለ ጋራና ስለ ልዩ ለሚደረግ ምርምር የወላይታን ያህል የሚያስተምር ስፍራ ማግኘት አዳጋች ነው።

፩. አሠራሩ

እያንዳንዱ መሣሪያ የሚመራበት የራሱ ስርዓተ ክወና አለው። ለአንድሮይድ ስልክ በኮትሊን የተጻፈ መተግበሪያ በአፕል ስልክ ላይ እንዳለ አይሠራም፤ ለአፕል በስዊፍት የተጻፈውም ዊንዶውስ በሚመራው ኮምፒውተር ላይ አይከፈትም። በዚህም የተነሣ አንድን አገልግሎት ለሁሉም ለማዳረስ የሚፈልግ ተቋም አንዱን ሥራ ደጋግሞ ለማሠራት ይገደድ ነበር።

ይህን ድካም ለመቀነስ የተደረገው ጥረት ረዘም ያለ ታሪክ አለው። ሰን ማይክሮሲስተምስ እ.ኤ.አ. በ1995 ጃቫን ሲያወጣ የሰጠው ተስፋ አንድ ጊዜ የተጻፈ ፕሮግራም በማናቸውም ኮምፒውተር ላይ ይሠራል የሚል ነበር። የእጅ ስልክ ከተስፋፋ በኋላ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 የፌስቡክ ሪአክት ኔቲቭ፣ በ2018 መጨረሻ የጉግል ፍላተር የመጀመሪያ ሙሉ ዕትም ለአገልግሎት ቀረቡ፤ በ2023 መገባደጃ የጄትብሬይንስ ኮትሊን መልቲፕላትፎርም ለመደበኛ ሥራ የበቃ መሆኑ ታወጀ።

እነዚህ ማዕቀፎች ሁሉም የጋራ ኮድን ይደግፉ እንጂ የጋራ የሚያደርጉት ነገር አንድ አይደለም። ፍላተር ከስሌቱ አልፎ በመስታወቱ ላይ የሚታየውን ቁልፍና ጽሑፍ ጭምር በራሱ ይሥላል። ሪአክት ኔቲቭ ትእዛዙን በጋራ ይጽፍና ቁልፉንና ሳጥኑን ከመሣሪያው ይዋሳል። ኮትሊን መልቲፕላትፎርም ደግሞ በመሠረቱ ስሌቱን ብቻ የጋራ አድርጎ ገጹን ለየመሣሪያው ለመተው ያስችላል። እንግዲህ የጋራው ወሰን በምርጫ የሚሰመር ነው፤ ተፈጥሮ ያጸናችው ድንበር አይደለም።

ነገሩን ለማያውቀው አንባቢ በአገራችን ምሳሌ እናስረዳ። በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር፣ ዘመናዊ ስልክ ለያዘው ደንበኛ በመተግበሪያ፣ ተራ ስልክ ለያዘው ደግሞ *127# በመደወል በሚከፈት ዝርዝር ያገለግላል። ከኋላ ገንዘቡን የሚቆጥረው ሥርዓት አንድ ነው፤ ደንበኛው የሚያየው ገጽ ግን ሁለት ነው። ሒሳቡ የጋራ መሆኑ ማንንም አይጎዳም። በአንጻሩ የተራውን ስልክ ዝርዝር ለዘመናዊው፣ የዘመናዊውንም ለተራው እንስጥ ቢባል ሁለቱም ደንበኞች ይቸገራሉ።

፪. ስለ ስያሜው

ለዚህ ጽንሰ ሐሳብ በአማርኛ እስካሁን የጸና ስያሜ የለም። «መተግበሪያ» እና «በይነገጽ» የተባሉት ቃላት በብዙው ተለምደዋል፤ አመሠራረታቸውም ቋንቋውን የተከተለ ነው። «መተግበሪያ» ተገበረ ከሚለው ግስ በመሣሪያ ስም ቅርጽ የወጣ ሲሆን፣ «በይነገጽ» የግእዙን «በይነ» ከ«ገጽ» ጋር ያጣምራል። «ኮድ»ም ምንም እንኳ የውጭ ቃል ቢሆን በሰሌዳ ቁጥርና በምስጢር ቁጥር ሳቢያ ለጆሮ እንግዳ አይደለም፤ ሆኖም በዚህ ሙያ ውስጥ የፕሮግራሙን ጽሑፍ ሲያመለክት «ምንጭ ኮድ» ቢባል ከምስጢር ቁጥሩ ይለያል።

አስቸጋሪው የጠቅላላው ነገር መጠሪያ ነው። አንዳንድ ጸሐፊዎች «ባለብዙ መድረክ መተግበሪያ» ይላሉ። «መድረክ» ተናጋሪ የሚቆምበት ከፍ ያለ ስፍራ፣ ሲሰፋም የውይይት ጉባኤ ስለሆነ፣ ስያሜውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው የስብሰባ ማካሄጃ ሊመስለው ይችላል። «ተሻጋሪ መተግበሪያ» የሚለው አጭር ቢሆንም ለሰዋስው ባለሙያ «ተሻጋሪ ግስ»ን ያስታውሳል፤ ምን ወዴት እንደሚሻገርም አይገልጽም። በ«ባለ» እንጀምር ያልን እንደሆነ «ባለጋራ ኮድ» የሚል ይወጣል፤ «ባለጋራ» ግን በአማርኛ ጠላት፣ ተቃራኒ ማለት ስለሆነ አይሆንም።

በእኛ አስተያየት «የጋራ ኮድ መተግበሪያ» የሚለው ሐረግ የተሻለ ነው። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ኮዱ የጋራ መሆኑን ሲናገር ገጹ የጋራ ነው አይልም። ይህ ልዩነት በስያሜው ውስጥ መጠበቁ የሚያስፈልግበትን ምክንያት ከዚህ ቀጥሎ ያሉት ማስረጃዎች ያሳያሉ።

፫. ቁጥር የሆነ ፊደል

ወላይትኛ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. ከአማርኛ፣ ከኦሮምኛ፣ ከትግርኛና ከሶማልኛ ጋር በመጀመሪያው ዙር ከተመረጡት አምስት ቋንቋዎች አንዱ ሲሆን፣ ያን ጊዜ የተጻፈው በግእዝ ፊደል ነበር። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ በትምህርት ቤት የሚጻፈው በላቲን ፊደል ሆነ። በዚሁ የላቲን አጻጻፍ የማንቁርት እግድ ድምፅ የሚወከለው በ7 ቁጥር ነው። ለምሳሌ ልጅ ማለት የሆነው «ናኣ» እና ምድር ማለት የሆነው «ሳኣ» በላቲን ሲጻፉ ከሁለተኛው ድምፅ በፊት 7 ይገባባቸዋል። ለአንባቢው ይህ ምልክት እንደ ማናቸውም ተነባቢ ፊደል ነው።

ለኮምፒውተር ግን 7 ቁጥር ነው። ከዚህም ቢያንስ ሦስት ችግሮች ይመነጫሉ። አንደኛ፣ በኮምፒውተር ገበታ ላይ 7 ከፊደላቱ በላይ በግልጽ ተቀምጦ በአንድ ንክኪ ይጻፋል፤ በእጅ ስልክ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ የቁጥሮቹ ገበታ ሌላ ስለሆነ ጸሐፊው በአንድ ቃል መካከል ከፊደል ወደ ቁጥር፣ ከቁጥር ወደ ፊደል መመላለስ አለበት። የመተግበሪያው ኮድ በሁለቱም ላይ አንድ ነው፤ የጸሐፊው ድካም ግን አንድ አይደለም። ይህን ያስተዋለ አዘጋጅ ለስልኩ ብቻ 7ን ከፊደላቱ ጎን የሚያስቀምጥ ተጨማሪ ረድፍ ያበጃል።

ሁለተኛ፣ ብዙ መተግበሪያዎች በስም መሙያ ሣጥን ውስጥ ቁጥር እንዳይገባ ይከለክላሉ። ደንቡ የወጣው ስሕተትን ለመከላከል ነው፤ በስሙ ውስጥ የማንቁርት እግድ ላለበት ሰው ግን ስሙን በቋንቋው አጻጻፍ እንዳያስገባ ይከለክለዋል። ይህ ሰው ያለው አማራጭ አንዱን ድምፅ ከስሙ መሰረዝ ነው። በትምህርት ቤት መዝገብ በአንድ መንገድ፣ በመተግበሪያው በሌላ መንገድ የተጻፈ ስም ደግሞ የሁለት ሰዎች ስም ሆኖ ይቆጠራል። ደንቡ በጋራው ኮድ ውስጥ ስለተጻፈ ስሕተቱ በስልኩም፣ በታብሌቱም፣ በኮምፒውተሩም ላይ በአንድ ጊዜ ይባዛል። የጋራ ኮድ ትክክለኛውን ነገር እንደሚያባዛ ሁሉ የተሳሳተውንም ያባዛል።

ሦስተኛው ችግር የመዝገበ ቃላት አዘጋጆችን የሚመለከት ነው። በተለመደው የኮምፒውተር አደራደር ቁጥሮች ከፊደላት ሁሉ ይቀድማሉ። ስለዚህ «ናኣ» በተመሳሳይ ፊደላት ከሚጀምሩት እንደ «ናጋራ» (ኀጢአት) ካሉት ቃላት ሁሉ ፊት ይሰለፋል። ይህ ቅደም ተከተል ይሁን ወይስ ሌላ ብሎ መወሰን የቋንቋው ባለቤቶች ፈንታ ነው፤ ውሳኔው ለአዘጋጁ ካልተነገረው ግን ማሽኑ ያለጠያቂ ይወስናል።

፬. ዓረፍተ ነገርን ስለ መቆራረጥ

መሐንዲሶች ቦታና ጊዜ ለመቆጠብ ሲሉ ዓረፍተ ነገሩን በክፍል በክፍል አስቀምጠው በሥራ ላይ ይቀጥሉታል። «ስም» የሚል ክፍት ቦታ ይተዉና «መልእክት ላከ» የሚል ቋሚ ሐረግ ያስከትላሉ። ግሱ በጾታ በማይለወጥበት ቋንቋ ይህ ችግር የለውም። በአማርኛ ግን «አልማዝ መልእክት ላከ» የሚል ውጤት ይሰጣል፤ በክብር የሚጠሩ አዛውንት ሲሆኑም «ላኩ» ማለት ሲገባ «ላከ» ይላል።

ወላይትኛም በሦስተኛ መደብ ግሱን በጾታና በቁጥር ይለያል፤ «መጣ» ሲል «ዪስ»፣ «መጣች» ሲል «ያሱ»፣ «መጡ» ሲል «ዪዶሶና» ይላል። በዚህ ላይ ስሙ ራሱ እንደ ሙያው መድረሻውን ይለውጣል፤ እግዚአብሔር ማለት የሆነው «ጦሳ» ባለቤት ሲሆን «ጦሳይ» እንደሚባለው። ስለዚህ በክፍት ቦታው የሚገባው ስም ከመዝገቡ እንደ ወጣ ሊቀመጥ አይችልም።

በሁለተኛ መደብ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። አማርኛ «ግባ»፣ «ግቢ»፣ «ይግቡ» እያለ በጾታና በክብር ሲለይ፣ ወላይትኛ በነጠላ ሁለተኛ መደብ ጾታን አይለይም። ከዚህ የምንረዳው አማርኛን መሠረት አድርጎ የተሠራ የጾታ ክፍት ቦታ ለወላይትኛ በአንዱ ስፍራ ትርፍ፣ በሌላው ጎዶሎ ሊሆን እንደሚችል ነው። ስለሆነም ለተርጓሚው የሚሰጠው የተቆራረጠ ቃል ሳይሆን ሙሉ ዓረፍተ ነገር መሆን አለበት፤ በጾታ፣ በቁጥርና በክብር የሚለዋወጡት አማራጮችም በየቋንቋው የትርጉም መዝገብ ውስጥ ይጻፉ እንጂ በጋራው ኮድ ውስጥ አይጻፉ። ለቁልፎች ደግሞ ከትእዛዝ አንቀጽ ይልቅ «መግቢያ»፣ «መላኪያ» የመሳሰሉትን ስሞች መምረጥ በአማርኛ የክብርንና የጾታን ጥያቄ ያቀልላል።

፭. ሁለት ፊደላት በአንድ ገጽ

የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በ2010 ደግሞ ለጋሞ፣ ለጎፋና ለዳውሮ፣ ለባስኬቶና ለጉሙዝ የሚያገለግሉ ተጨማሪ ሆሄያት ገብተዋል። አንዱ የፊደል ሠንጠረዥ ለአማርኛም ለትግርኛም ለሌሎቹም ማገልገሉ ማንንም ያላስቆጣ የጋራ ኮድ ነው፤ የእያንዳንዱን ቋንቋ አጻጻፍ ሳይነካ ከስር ሆኖ ይሸከማልና።

ከዚሁ ጋር ዩኒኮድ ኮንሶርሲየም የወራትንና የቀናትን ስሞች፣ የቀንና የገንዘብ አጻጻፍን በየቋንቋው የሚይዝ ማከማቻ ያስተዳድራል። በዚህ ማከማቻ ወላይትኛ ስፍራ አግኝቷል፤ ሰኞ «ሳይኖ»፣ ሐሙስ «ሃሙሳ»፣ ዓርብ «አርባ» ተብለው ተመዝግበዋል። የኋለኞቹ ሁለቱ፣ ስሞቹ በአናባቢ የሚጨርሱት ወላይትኛ የተዋሰውን ቃል እንዴት ወደ ራሱ ቅርጽ እንደሚያስገባ ስለሚያሳዩ፣ አዳዲስ የሙያ ቃላትን ለሚመሠርት ሰው ጥሩ መምሪያ ናቸው። ነገር ግን ዝርዝሩ የተመዘገበው በግእዝ ፊደል ነው። እንግዲህ አንድ አዘጋጅ በወላይታ ሶዶ ለሚያገለግል ተቋም ገጹን በትምህርት ቤቱ የላቲን አጻጻፍ አዘጋጅቶ የቀናቱን ስም ከማከማቻው ቢወስድ፣ በአንዱ ገጽ ላይ ሁለት ፊደላት ይታያሉ። መድኃኒቱ «ወላይትኛ» ብሎ ማዘዝ ብቻ ሳይሆን ፊደሉንም ለይቶ ማዘዝና የቀናቱን ዝርዝር በሚፈለገው ፊደል አዘጋጅቶ ማቅረብ ነው።

ፊደሉን ከመምረጥ ሌላ መልኩን የማሳየት ጉዳይም አለ። ገጹን በራሱ የሚሥለው ፍላተር በስልክ ላይ የግእዝን ፊደል ከስልኩ ይዋሳል፤ በኮምፒውተር የድረ ገጽ ማሰሻ ውስጥ ሲሠራ ግን የጎደለውን የፊደል ቅርጽ ከኢንተርኔት ሊያወርድ ይገደዳል። መስመሩ ደካማ ከሆነ ቅርጹ እስኪደርስ ድረስ ተጠቃሚው የሚያየው ባዶ ሣጥኖችን ነው። የፊደሉን ቅርጽ አስቀድሞ ከመተግበሪያው ጋር አብሮ ማሸግ ይህን ችግር ያስወግዳል።

የጽሑፉ ርዝመትም ሊዘነጋ አይገባም። በላቲን የሚጻፈው ወላይትኛ የአናባቢን ርዝመትና የተነባቢን ጥብቀት ፊደል በመድገም ስለሚያሳይ፣ በግእዝ ፊደል በሁለትና በሦስት ሆሄያት የሚያልቀው ቃል በላቲን ከእጥፍ በላይ ሊረዝም ይችላል። ለአማርኛ የተለካ ጠባብ ቁልፍ በኮምፒውተር ሰፊ መስታወት ላይ ይህን ይሸከም ይሆናል፤ በእጅ ስልክ ላይ ግን ቃሉ ይቆረጣል። የተቆረጠው መድረሻ ደግሞ ሙያንና ጾታን የሚያሳየው የቃሉ ክፍል ነው።

፮. ከወጋጎዳ የምንማረው

የጋራና የልዩ ወሰን የት ይሰመር የሚለው ጥያቄ ለወላይታ አዲስ አይደለም። የቀድሞው ሰሜን ኦሞ ዞን በነበረበት ጊዜ ወላይትኛን፣ ጋሞኛን፣ ጎፍኛንና ዳውሮኛን አጣምሮ አንድ የትምህርት ቋንቋ ለማድረግ ታስቦ፣ ከአራቱ የመጀመሪያ ቀለማት «ወጋጎዳ» የሚል ስም ወጣለት፤ መጻሕፍትም በ1992 የትምህርት ዘመን ወደ ትምህርት ቤቶች ገቡ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በወላይታ ሶዶ ከፍተኛ ተቃውሞ ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ። መጻሕፍቱ ተነሡ፤ ሰሜን ኦሞ ፈርሶ ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ።

የአራቱ ቋንቋዎች ዝምድና እውነተኛ ነው፤ በኦሜቶ ስር የሚመደቡትም ስለዚህ ነው። ለአንድ ሳይሆን ለአራት መጽሐፍ ማሳተም ወጪ እንደሚያበዛም የታወቀ ነው። ከአስተዳደር ጥያቄው ባሻገር በቋንቋው ረገድ የነበረው ጉድለት የጋራው ነገር የተቀመጠበት ስፍራ ነው። ሕፃኑ የሚያነበው ቃል፣ መምህሩ የሚጠራው ስም፣ ወላጅ በልጁ ደብተር ላይ የሚያየው ጽሑፍ ተቀላቀለ። የጋራ ሊሆኑ ይችሉ የነበሩት የትምህርቱ ቅደም ተከተል፣ የሒሳቡ መልመጃ፣ የሥዕሉ ዝግጅት፣ የመምህሩ ሥልጠና ነበሩ፤ እነዚህን ማንም የቋንቋዬን ገጽ ወሰዱብኝ አይልባቸውም ነበር።

የሶፍትዌር አዘጋጅም ዛሬ በዚሁ ፈተና ፊት ይቆማል። ወጪን ለመቆጠብ ሲባል ተቀራራቢ የሆኑትን ቋንቋዎች በአንድ የትርጉም መዝገብ ለማገልገል የሚቀርብ ሐሳብ ከኮዱ አንጻር ብልህነት ይመስላል። ከተናጋሪው አንጻር ግን ሌላ ነው። ገንዘብ የሚላክበት፣ የመድኃኒት መጠን የሚነገርበት ገጽ በማንም አፍ በማይነገር ቅይጥ ቋንቋ ከተጻፈ ሰው አያምነውም፤ ባያምነውም አይፈረድበትም።

፯. ለተርጓሚዎችና ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆች

ከላይ ከተዘረዘሩት ማስረጃዎች የሚከተሉት የሥራ ሐሳቦች ይወጣሉ።

ሀ. ተርጓሚው የሚጠራው ኮዱ ካለቀ በኋላ ሳይሆን የጋራው ወሰን ሲሰመር ይሁን። ስም መቀበያው፣ አደራደሩ፣ የቀን አቆጣጠሩ፣ የጾታና የክብር አማራጩ ከተገነቡ በኋላ የሚሰጥ የትርጉም ዝርዝር እነዚህን ሊያርም አይችልም።

ለ. እያንዳንዱ ትርጉም ቢያንስ በሦስት መስታወቶች፣ ማለትም በስልክ፣ በታብሌትና በኮምፒውተር ላይ ይነበብ። በወረቀት ላይ የታረመ ትርጉም በጠባብ መስታወት ላይ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል።

ሐ. የቃላት ዝርዝሮች ቃሉን ከነአገባቡ ይያዙ፤ ይኸውም ቁልፍ ነው ወይስ ርእስ ወይስ የስሕተት ማስታወቂያ የሚለውን፣ ስንት ሆሄ ሊይዝ እንደሚችልና በክፍት ቦታው ምን ዓይነት ስም እንደሚገባ ይግለጹ።

መ. የወላይትኛ ቃላት ምርጫ በአማርኛ በኩል ተዘዋውሮ አይምጣ። አማርኛው «መተግበሪያ» የተባለው በአማርኛ የግስ ቤት ውስጥ ስለተወለደ ነው፤ ወላይትኛ የራሱ የስም መድረሻና የራሱ የመዋሻ ልማድ አለው። ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ዩኒቨርሲቲ ባላት በወላይታ ሶዶ የቋንቋና የኮምፒውተር ባለሙያዎች አብረው ተቀምጠው፣ በገበያና በጤና ጣቢያ ከሚያገለግሉ ተናጋሪዎች ጋር ዝርዝሩን ቢፈትኑ የሚገኘው ውጤት በሩቅ ከተዘጋጀው ይልቅ ይጸናል።

በመጨረሻም፣ የጋራ ኮድ ለአነስተኛ ቋንቋዎች ስጋት ብቻ ሳይሆን ዕድል መሆኑን መዘንጋት አይገባም። ቀድሞ ለሦስት መሣሪያ ሦስት ጊዜ መሠራት የነበረበት የወላይትኛ ገጽ አሁን አንድ ጊዜ ተሠርቶ ለሦስቱም ሊደርስ ይችላል። ከዚህ የሚተርፈውን ገንዘብና ጊዜ ለየቋንቋው ገጽ ማዋል ነው የሚበጀው። ቁጠባው ወደ ገጹ ተሻግሮ ቋንቋዎቹንም መቀላቀል ከጀመረ ግን፣ በ1992 ዓ.ም. በመጻሕፍት የተፈጸመው ስሕተት በስልክ መስታወት ላይ ይደገማል።